የገጽ 62 ጀርባ

ሰኞ፣ ኅዳር 22። ከቀኑ 10 ሰዓት

የፈተና ወረቀት እያረምኩ ነው። ከአርባ ሁለት ተማሪ ዛሬ የገቡት አሥራ ሰባት። መንገድ ተዘግቷል፤ የገጠሩ ልጅ አልመጣም። ላሉት አስተማርኩ። ርእሱ፦ ቃለ ጉባኤ አያያዝ። እንደ ልማዴ ካርቦን ወረቀት ከቦርሳዬ አውጥቼ አሳየኋቸው። እንደ ልማዳቸው ሳቁ። አንዷ ከሙዚየም ነው ያመጡት አለችኝ። የላይኛው ለተዋዋይህ፣ የታችኛው ለራስህ አልኳቸው። ሁለቱን መስኮት ላይ ደራርበህ ስታይ ፊደል በፊደል ላይ ካረፈ ቅጂው እውነተኛ ነው። ካላረፈ ሰው ነካክቶታል።

ይህን በየዓመቱ እደግማለሁ። ወድጄ አይደለም። ሰሊጥ ለውጭ ገዢ በምልክበት ዘመን አንድ ሰው የተስማማንበትን ካደኝ፤ በእጄ ቅጂ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ያለ ካርቦን አልጽፍም።

ከክፍል ስወጣ የመምህራን ክፍሉ ጸጥ ብሏል። መ/ር ጌታነህን፣ የጂኦግራፊውን፣ ቅዳሜ ታጣቂዎች ከአውቶቡስ አውርደው ወስደውታል። አማኑኤል ከተማን አልፎ። እናቱ ዘንድ ሊሰነብት ነበር የሄደው። ቦርሳው ሲፈተሽ ተማሪዎቹ የሳሉት የወንዝና የመንገድ ካርታ ወጣ። ታጣቂዎቹ ለማን ነው የምትሰልለው አሉት። የነገረን የአውቶቡሱ ረዳት ነው።

የተማሪ ካርታ። ድልድዩን በቀይ የቀባው ልጅ አምስት ከአምስት አግኝቶበታል፤ ባለፈው ሳምንት ጌታነህ ራሱ አሳይቶኝ ነበር።

ማረሜን ቀጠልኩ። አሁን ሳየው ሦስቱን ወረቀት ሁለት ሁለት ጊዜ አርሜያለሁ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 23። ከጠዋቱ 2 ሰዓት

ወ/ሮ የሺ መጣች። የጌታነህ ባለቤት። ተቀመጪ ብላት አልተቀመጠችም። ጋሼ አስናቀ፣ እርስዎ የመንግሥታትን ጠብ ሲያስታርቁ የኖሩ ሰው ነዎት አለችኝ።

በዚህ ከተማ አምባሳደር ይሉኛል። አምባሳደር ሆኜ አላውቅም። ጋዜጠኛ ነበርኩ። ከዚያ በሦስት ኤምባሲዎች የፕሬስና የሕዝብ ዲፕሎማሲ ሠራተኛ። ሥራዬ ማስታረቅ አልነበረም፤ ማስረዳት ነበር። አገሬን ለባዕድ ሰው፣ በአዳራሽ፣ በኤግዚቢሽን፣ በጋዜጣ ዓምድ። የሚታየውን ጎን አሳያለሁ፤ የማይታየውን አውቀዋለሁ፣ ዝም እላለሁ። ከዚያ ንግድ። ከዚያ ይህ ኮሌጅ። ይህን ሁሉ አልነገርኳትም።

ጌታነህ የስኳር ሕመምተኛ ነው፤ ኢንሱሊን ይወጋል። ይዞት የሄደው እስከ ታኅሣሥ መጀመሪያ ቢያደርሰው ነው። በእርጥብ ጨርቅ የተጠቀለለ ጠርሙስ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጣ ወጣች። እሺ አላልኩም። ጠርሙሱ ግን ቀረ።

ማምሻውን ሁለት ሰዎች መጡ። አባ ሳህሉ፤ የታጣቂዎቹ አዛዥ አባት የንስሐ ልጃቸው ነው። ሐጂ እንድሪስ፤ ጨርቅ ነጋዴ፣ እስከ ቁይ ገበያ ድረስ የማያውቀው ሰው የለም። ሐሙስ ሽማግሌ ሆነው ሊሄዱ ነው። ሦስተኛ ሰው ይፈልጋሉ። ሐጂ፣ አምባሳደር ይዘን ብንሄድ ቢያንስ ወንበር ያወጡልናል አለ።

እሺ አልኩ። አንቺ ደብተር፣ እውነቱን ልንገርሽ፤ እሺ ያልኩት እምቢ ማለት ስላፈርኩ ነው።

ረቡዕ፣ ኅዳር 24። ከቀኑ 8 ሰዓት ተኩል። ገጽ 61

(ገጽ የምቆጥረው በኤምባሲ ልማድ ነው። የተቀደደ ቅጠል ይታወቃል።)

ጎብኚ፦ አንድ ሰው፣ ወደ አርባ ዓመት የሚሆነው፣ ሰማያዊ ጃኬት። ስሙን አልነገረኝም። ከጸጥታ በኩል ነኝ አለ። ነገ እንደምሄድ ያውቃል። እኔ ራሴ ያወቅኩት ትናንት ማታ ነው።

የተናገረው፦ አልከለከለኝም። መልካም ሥራ ነው አለ። ስመለስ ያየሁትን ባጫውታቸው ደስ ይላቸዋል። ስንት እንደሆኑ፣ የት እንደሆኑ፣ ምን እንደያዙ።

መልሴ፦ እናያለን።

ይህ ቃል ዕድሜዬን ሙሉ አኑሮኛል። እሺም አይደለም፣ እምቢም አይደለም። ሰውየው ግን እንደ እሺ ወሰደው መሰለኝ፤ ሲወጣ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። የመታኝ ቦታ አሁንም የሚታወቀኝ ይመስለኛል።

ዓርብ፣ ኅዳር 26። ከቀኑ 11 ሰዓት

ተመልሰናል። በቅደም ተከተል ልጻፍ።

ትናንት ማለዳ በሐጂ ፒክአፕ አማኑኤል። ከዚያ ሁለት ሰዓት በእግር። ገበሬው ጤፍ አጨዳ ላይ ነው። ቀና ብሎ ያየን የለም፤ በዚህ ጊዜ ማየትም ያስጠይቃል።

የገበሬ ግቢ፣ የባሕር ዛፍ ጥላ። ወንበር አወጡልን፤ ሐጂ በዓይኑ ጠቀሰኝ። አዛዡ አርባ ያልሞላው፣ ድምፁ ዝግ ያለ። አጠገቡ ጸሐፊው። ይበልጣል ነው። የዛሬ ሦስት ዓመት ሁለተኛው ረድፍ ላይ ይቀመጥ የነበረ ተማሪዬ። ጠመንጃውን ወደ ጀርባው መልሶ፣ ጎንበስ ብሎ ሰላም አለኝ።

«መምህር፣ ሲ ፕላስ ነበር የሰጡኝ። ያስታውሳሉ?»

አስታውሳለሁ አልኩ።

«ቢ ይገባኝ ነበር።»

ሐጂ ሳቀ። ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅኩ፤ ዘግይቼ።

አባ ረጅም ጊዜ ተናገሩ። ስለ ጌታነህ አይደለም፤ ስለ አዛዡ አባት፣ ስለ አያቱ፣ ስለ አንድ የድሮ የመሬት ጠብና እንዴት እንደበረደ። ሐጂ አጭር ነው። ካርታው የተማሪ ሥራ ነው፤ ድልድዩን ያቀላው ልጅ ማርክ ፈልጎ እንጂ አንተን ሊያስመታ አይደለም አለው። አዛዡ ፈገግ አለ። ጌታነህን አመጡት፤ ሃያ እርምጃ ርቀት ላይ አቆሙት። መነጽሩ የለም። ወደ እኛ ዞሮ ዓይኑን አጥብቦ ፈለገን፤ የለየን ሐጂ ሲያስል ነው። እጁን አነሳ። መልሰው ወሰዱት።

አዛዡ ተናገረ። ቅዳሜ፣ ከአማኑኤል ወጣ ብሎ ባለው ቤተ ክርስቲያን በር ላይ፣ ጌታነህን ይሰጠናል። ለአባ ሲል።

በደንቡ ቀጥሎ የሚመጣውን ደርሼበታለሁ፤ ዛሬ። አባና ሐጂ ይነሳሉ፣ ዋስ ይሆናሉ፣ አዛዡ መስቀል ይሳለማል፣ መድኃኒቱ ይሰጣል፣ ያበቃል። አባ ሊነሱ እጃቸውን ወንበሩ ላይ አስደግፈው ነበር።

ቀደምኳቸው። አንድ ደቂቃ አልኩ።

ሲነጋገሩ ጉልበቴ ላይ ስጽፍ ነበር፤ ነጠላ ወረቀት፣ ሥሩ ካርቦን፣ ከካርቦኑ ሥር አንቺ። ሠላሳ ዓመት የሠራው እጅ ሳያስፈቅደኝ ይሠራል። ወረቀቱን አንስቼ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩ። ቀን። ቦታ። የተገኙ፦ የአዛዡ ስም ከነአባቱ፣ አባ ሳህሉ፣ ሐጂ እንድሪስ፣ እኔ። የተስማማንበት። ልክ ከሆነ ይፈርሙበት አልኩት።



አዛዡ ለማን ነው የሚጽፉት አለኝ። ለማንም፣ እንዳንረሳው አልኩ። ወረቀቱን ተቀበለኝ፣ አጠፈ፣ ኪሱ ከተተ። ሌላ አለ ወይ አለኝ።

የለም አልኩ።

ይበልጣል አየኝ። መጀመሪያ እኔን፣ ቀጥሎ ጉልበቴ ላይ ያለሽውን አንቺን።

እናስብበታለን ብሎ አዛዡ ተነሳ። የመሰነባበቻ ጊዜ እንኳ አላገኘንም። ሁለት ሰዎች እስከ ወንዙ ሸኙን፤ ሸኙን ካልኩት። መድኃኒቱ በሐጂ ኪስ ተመልሶ መጣ።

አንድ የምናውቀው ገበሬ ቤት አደርን። ጠዋት ኬላ ላይ ሲያስቆሙን ነው የገባኝ። የካርቦኑ ቅጂ ገጽ 62 ላይ ነው። ገጽ 61፣ የዚያው ቅጠል ፊት፣ የሰማያዊ ጃኬቱ ሰው ጉብኝት ነው። ያንን ጽሑፍ በብብቴ ይዤ እነሱ መሐል ተቀምጬ ነበር። አሁን ደግሞ የአዛዡን ስም በብብቴ ይዤ የመንግሥት ኬላ ላይ ቆሜያለሁ።

አልፈተሹኝም። ፈታሹ አስተምሬው ኖሮ እለፉ መምህር አለኝ።

አቃጥልሻለሁ። ነገ፣ ጌታነህ ከተፈታ በኋላ።

እሑድ፣ ኅዳር 28። ከሰዓት በኋላ

ትናንት ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ጠበቅን። ማንም አልመጣም። የሺ ቆማ ዋለች፤ የጌታነህን ትርፍ መነጽር ይዛ። በየመሐሉ በነጠላዋ ጫፍ ትወለውለዋለች።

ስንመለስ፣ መኪና ውስጥ፣ ከተማ ልንገባ ስንል አባ፣ ወደ መስኮቱ እያዩ፦

«ቃሉን ሰጥቶ ነበር። አንቱ ክስ አስመሰሉበት።»

ሐጂ፣ ይተዉት አባ፣ የለመደው ነው አለ። ሊያጽናናኝ ነው። ይበልጥ ቆረጠኝ።

ለአባ እንዴት ልንገራቸው? በእኔ ሥራ ያልተጻፈ ነገር አልተባለም። በእሳቸው ሥራ ከተጻፈ የሚያመጣው መዘዝ አለ፤ ማን አንሥቶ ለማን እንደሚያነበው አይታወቅም። ስሙ በወረቀት ላይ ያለ ሰው የሚታሰር ሰው ነው። ይህን ኤምባሲ ውስጥ ሳለሁ አውቀው ነበር። ያኔ ግን ስለ ሌላ አገር ሰዎች ነበር።

ክብሪት ጫርኩ። አጠፋሁት። ካቃጠልኩሽ አዛዡ ቅዳሜ ብሎ እንደነበር ማን ያውቃል? እንዲህ ብዬ አሰብኩ። ይህ ምክንያት ነው ወይስ ልማድ፣ መለየት አልቻልኩም።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 30። ከጠዋቱ 4 ሰዓት

ያሳደረን ገበሬ ገበያ መጥቶ ሐጂ ሱቅ ገባ። መልእክት አለው፤ ከይበልጣል፣ በቃል፣ እንዲህ፦ መምህር ሁለተኛውን ቅጂ ይዘው ሐሙስ ይምጡ። ካርቦኑን አውቀዋለሁ። አዛዡም አሁን ያውቃል። ቅጂው ከእኛ ወረቀት ጋር ተደራርቦ ልክ ከሆነ፣ ለማንም እንዳልሄደ ከታመነ፣ ሰውየው ይለቀቃል። ካልመጡ ግን የላክዎት ማን እንደሆነ ገባን።

ገበሬው ሌላም አለ። ጌታነህ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ብዙ ይተኛል፣ ውኃ ደጋግሞ ይጠይቃል። መድኃኒቱን እያጋመሰ ይወጋል አሉ።

ቤቴ ገብቼ በሩን ቆለፍኩ። ያሰብኩትን ሁሉ ልጻፍ።

ቅጠሉን ቀድጄ ልስጥ። ገጽ 61 አብሮ ይሄዳል። ሰውየው መጣ፣ ስንት ናቸው አለኝ፣ እናያለን አልኩት፣ በማግስቱ እነሱ ዘንድ ተገኘሁ። ማን ያምነኛል? እኔ ራሴ ዳኛ ብሆን አላምነኝም። ከእኔ ጋር የመጡት አባና ሐጂስ?

ገጽ 61ን በቀለም ላጥፋው። የተደለዘ ጽሑፍ ካልተደለዘው ይብሳል።

አዲስ ቅጂ ልሥራ። ሞከርኩ። በዚያው እስክሪብቶ፣ በዚያው ካርቦን፣ አምስት ጊዜ። መስኮት ላይ ደራረብኩ፤ ከገጽ 62 ጋር አንዱም አላረፈም። የአዛዡ ስም ላይ ስደርስ እጄ ይፈጥናል። ይበልጣል ያውቀዋል፤ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ሲ ፕላስ ሰጥቼው።

አለመሄድ። ይኸኛው እንዴት ቀላል እንደሆነ ሳስበው አፈርኩ። ልጄ ዘንድ አዲስ አበባ እሄዳለሁ፣ ታምሜያለሁ እላለሁ። የሺ መንገድ ላይ ብታየኝ ሰላም ትለኛለች፤ ጨዋ ናት።

አምስቱንም ወረቀት ምድጃ ውስጥ ጨመርኩ። አንቺን አይደለም።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 1። ከቀኑ 6 ሰዓት

ባለ ሰማያዊ ጃኬቱ ሰው ኮሌጁ በር ላይ ቆሟል። ለምን እንዳልመጣሁ ጠየቀኝ፤ ጉንፋን ይዞኛል አልኩት። ማር በሎሚ ይጠጡበት አለኝ። ከዚያ፣ እንደ ቀልድ፦

«መጻፍ ይወዳሉ አሉ።»

የአስተማሪ ሥራ ነው አልኩ። ሳቀ። እንጠብቅዎታለን ብሎ ሄደ። ሁለተኛውን ክፍለ ጊዜ ምን እንዳስተማርኩ አላውቅም። ተማሪዎቹ ሲጽፉ አይቻለሁ፤ የሆነ ነገር ተናግሬ መሆን አለበት።

ያው ቀን፣ ከቀኑ 9 ሰዓት

ሐጂ ሱቅ። አባን አስጠራሁ። በሩን ገርበብ አደረግነው። ገጽ 61ን አነበብኩላቸው፤ ቀጥሎ ገጽ 62ን። ሥራዬን ስሠራ በኖርኩበት ዘመን ሁሉ የአንድን ወረቀት ሁለት ገጽ ለአንድ ሰው አንብቤ አላውቅም። አንዱ ለአዳራሽ፣ አንዱ ለመዝገብ ነበር።

ሐጂ የጨርቅ ጥቅል ላይ ተቀመጠ። ሱፌ ላይ ጭቃ እንዳይነካኝ ስትል በዚያ መንገድ እየዘለልክ የሄድክ ሰው፣ ይህንን ተሸክመህ ነው? አለኝ። ያላግጣል፤ ፊቱ ግን አመድ መስሏል። ስሙ ገጽ 62 ላይ ነው።

አባ የጠየቁኝ አንድ ነገር ነው።

«ለሰውየው ነገሩት?»

አልነገርኩም አልኩ።

«አንድም ነገር?»

ጉንፋን ይዞኛል ነው ያልኩት።

መስቀላቸውን አውጥተው ያዙልኝ። ተሳለምኩ። እንግዲያው ይነበብ አሉ። ለአዛዡ፣ ሁለቱም ገጽ፣ በእኔው አፍ፣ ሳይጠየቅ። እሳቸው ዋሴ ይሆናሉ። ውሸት ከተገኘብኝ መያዣ ሆነው እዚያ የሚቀሩት እሳቸው ናቸው።

አይሆንም አልኩ። አባ ተቆጡ። በእኔ ሥራ አይግቡብኝ፣ ባለፈው ገብተው አይተናል አሉ።

ሐጂ፣ ሁለተኛው ዋስ እኔ ነኝ፣ ፒክአፑ የእኔ ስለሆነ መቅረት አልችልም አለ።

ከፍርሃቴ የቀነሰ የለም። ልጽፈው የሚገባኝ ይህን ነው። ዛሬ ጠዋት የፈራሁት ለአንድ ሰው ነበር፤ አሁን ለሦስት ሰው እፈራለሁ። ከጌታነህ ጋር አራት።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 2። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል

ሜዳው ላይ ውርጭ አለ። ሱፉን ትቼ ጋቢ ለብሻለሁ።

አንቺን ሙሉ ይዤሽ እሄዳለሁ። ቅጠል አልቀድም። ስለዚህ ይህን ገጽ ሌላ ሰው ያነበዋል፤ ይህን አውቄ ስጽፍ የመጀመሪያዬ ነው። እጄ ወዲያው ቃል ማሳመር ጀመረ። ሁለት መስመር ሰርዣለሁ፤ ስርዙን ትቼዋለሁ፣ ይታይ።

ይበልጣል፣ የምታነበው አንተ ነህ። ለአዛዡ የለም ያልኩት ውሸት ነበር። ገጽ 61 ላይ ያለው ሰው መጥቶ ነበር፤ የጠየቀው የተጻፈው ነው፤ የመለስኩለት የተጻፈው ነው። እናያለን ማለት አልነበረብኝም። እምቢ ነበር መልሱ፤ ስለፈራሁ አላልኩትም። ከእናንተ ዘንድ ያየሁትን ለማንም አልተናገርኩም። አባና ሐጂ ስለ ገጽ 61 ያወቁት ትናንት ነው።

ጌታነህ ካርታ አስተማሪ ነው። የሚሰጠውን ማርክ አይቻለሁ፤ ከእኔ ይልቅ ለጋስ ነው።

መድኃኒቱን መጀመሪያ ስጡት። ከማንበባችሁ በፊት። ሌላው ሁሉ ይቆያል፣ እሱ አይቆይም።

ሐጂ መኪናውን አሙቋል። የሺ መጥታለች፤ ጠርሙሱን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላ፣ መነጽሩን ከላዩ አድርጋ ሰጠችኝ። ዛሬም አልተቀመጠችም። ካርቦኑ ምድጃ ውስጥ ነው። እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ ትቼው ልሄድ ነው፤ አባ እየጠሩኝ ነው፣ መጣሁ